ስለ ቁልፉ ያልታተመው መስመር

ቡራዩ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ደቻሳ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ ነገርን ከመሀል ጀምሬ አላውቅም። ዛሬ ግን መነሻው ስለጠፋኝ ከመሀል እጀምራለሁ። የዐረብ ከተማዋ አማን ወደብ እንደሌላት ታውቅ ነበር?

እኔ ካርታ ብገልጥ አውቀው ነበር። አልገለጥኩም። አንተ፣ የዓምዳችን መርከበኛ፣ አማንን አውቃታለሁ ካልክ መርከብህ እዚያ ደርሷል ማለት ነው ብዬ አለፍኩ። ይህ የሆነው በመጋቢት 2003 ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ስህተቱን ያገኘሁት ባለፈው ወር፣ አንተን መጠየቅ የማልችልበት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው። ሆኖም ልጠይቅህ ነው፤ የምጠይቅህም ስለ ወደቡ አይደለም። ጥያቄው እየቆየ ይመጣል።

የተገናኘንበትን ቀን ደጋግሜ እያሰብኩት ነው። 1995 ዓ.ም.፣ ሰበታ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት። እኔ ስለ መንገድ ጥገና ዘገባ ልሠራ መጥቼ ነበር። አንተ መልሕቅ የተጠለፈበት ሰማያዊ ኮፍያ አድርገህ፣ ካራቺ ውስጥ ሩዝ በእጅ እንዴት እንደሚበላ ለአንድ የሚኒባስ ሾፌር ታስረዳለህ። በዚያ ሰሞን ወደ ውጭ የሚሄደው ሰው በዝቶ፣ ‘እዚያ አገር ኑሮ እንዴት ነው?’ የሚል የአንባቢ ደብዳቤ ቢሮአችንን ሞልቶት ነበር። መልስ የሚሰጥ ሰው ግን አልነበረንም። ሻይህን ሳትጨርስ ቀጠርኩህ። ዓምዱን ‘መንገደኛ ይጠይቃል’ አልነው። ጠያቂው አንባቢ፣ መላሹ ‘መርከበኛው’፣ ጸሐፊው እኔ።

ያን ቀን አንቱ ብዬህ ነበር፤ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለህ። ‘ሕዝቅያስ፣ መርከብ ላይ አንቱ የሚባለው ካፒቴኑ ብቻ ነው’ አልከኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ነህ። ቤትህ ስመጣ ግን ባለቤትህን አዴ ጠጅቱን አንቱ፣ አንተን አንተ እያልኩ ስጫወት ጎረቤቶችህ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሳቁ የዚያ ብቻ አልነበረም።

ጥያቄዎቹ ስለየትኛውም አገር ይሁኑ ያው ነበሩ። ውሃው ይጠጣል? ሰላምታው በእጅ ነው በጉንጭ? መንገድ ቢጠፋኝ ማንን ልጠይቅ? ቢያመኝስ? ሰው ቤት ብጋበዝ ባዶ እጄን ልሂድ? ሐሙስ ሐሙስ አመጣልሃለሁ። እዚያው መልሰህልኝ አታውቅም። ወረቀቱን አጥፈህ ደረት ኪስህ ትከትና ‘ሳምንት ና’ ትላለህ። ያየኸው ወደብ ስለበዛ ለማስታወስ ጊዜ የሚፈጅብህ ይመስለኝ ነበር። የሕዝቡን ብዛት፣ የሙቀቱን ልክ፣ የገንዘቡን ስም እኔ ከመጽሐፍ አረጋግጣለሁ። የቀረውን አንተ እንዳልከው እጽፋለሁ። ጠንቃቃ ነኝ ብዬ የምኮራውም በዚሁ ነበር።

መሞትህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ስልኬ ተበላሽቶ ስለነበር ቀብርህ አመለጠኝ፤ የደረስኩት ለሰልስት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጬ ስላንተ አንድ ነገር ማለት አለብኝ ብዬ፣ ‘ደቻሳ ያልረገጠው ወደብ አልነበረም’ አልኩ። አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። አዴ ጠጅቱ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ።

‘የምን ወደብ ነው የምታወራው?’ አሉኝ።

‘በመርከብ የዞረውን ነዋ።’

በለቅሶ ባበጠ ዐይናቸው አፈጠጡብኝ።

‘አንተ ሰውዬ፣ የምርህን ነው?’

ከዚያ ነገሩኝ። አሰብ ወደብ በር ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ዘበኛ ነበርክ። መርከብ ላይ ወጥተህ አታውቅም። ኮፍያውን አንድ መርከበኛ በሩ ላይ ረስቶት ሄዶ ነው። ‘ባሕሩን ይፈራ ነበር’ አሉ። ‘እግሩን እንኳን አልነከረም። እኛ እኮ እያወቅህ የምታጫውት መስሎን ነው። ሰበታ ሁሉ ያውቃል።’

መልሶቹስ ከየት ይመጡ ነበር? ስል ጠየቅኋቸው። ሰኞ ቡራዩ፣ ማክሰኞ ሱሉልታ፣ አንዳንዴ ለገጣፎ ወይ ተፍኪ ትሄድ እንደነበር ነገሩኝ። ማንም የማያውቅህ ሰፈር ትገባና መንገድ እንደጠፋበት ሰው ትጠይቃለህ፤ ከማታውቀው በር ውሃ ትለምናለህ፤ ቤት እንደሚከራይ ሰው ግቢ ታያለህ። ከቤት ስትወጣ ‘እንግዳ ሆኜ ልመጣ ነው’ ትላቸው ነበር። እሳቸውም እኔ የላክሁህ መስሏቸው ምሳ ይቋጥሩልህ ነበር።

ደቻሳ፣ ያን ጊዜ መቆጣት ነበረብኝ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮም መቆጣቴን እንጃ። የተሰማኝን እስካሁን ስም አላገኘሁለትም።

ከጓዳ ስወጣ ጣቢታ የምትባል፣ መርከበኛው መሞቱን ሰምታ የመጣች ልጅ ድንኳኑ በር ላይ ጠበቀችኝ። አታውቃትም፤ ደብዳቤዋን ግን ታውቀዋለህ። ከከምባታ መጥታ ሰበታ የክር ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ የነበረች፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አማን ልትሄድ ስትል የጻፈችልን ልጅ ናት። ጥያቄዋ አንድ መስመር ነበር፦ ‘በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ምን ላድርግ?’ በእሷ ጥያቄ ላይ ‘ሳምንት ና’ ብለህ ሦስት ሐሙስ አስመላለስከኝ። በመጨረሻ ያወጣነው መልስ ይህ ነው፤ ጣቢታ በቃሏ ነው ያነበነበችልኝ።

‘እህቴ፣ ቤቱ እንደገባሽ መጀመሪያ የወጥ ቤቱን መስኮት ክፈቺ። በመስኮቱ ማን እንደሚታይሽ እዪ፤ አንቺንም ማን እንደሚያይሽ እወቂ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ከጎረቤት አንድ ሰው ስምሽን ይወቅ። ከቤቱ ሰዎች ሌላ ሦስት ሰው ስምሽን ሳያውቅ ወር አይለፍሽ።’

አሠሪዎቿ ዐሥራ አራት ወር በር ቆልፈውባት ኖረች። መስኮቱን ግን ከፍታ ነበር፤ ከፊት ለፊት ልብስ የምታሰጣ አንዲት ሴትዮ ስሟን ታውቅ ነበር። ጣቢታ በትኩሳት ወድቃ ሁለት ቀን ሳትታይ ስትቀር ሴትዮዋ ከመስኮቱ ስሟን እየጠራች ሰፈሩን ሰበሰበችው። ሐኪም ቤት ያደረሷት እነሱ ናቸው። አሁን ሰበታ ልብስ ትሰፋለች።

‘ጋሼ፣ እኔን ያተረፈኝ መርከበኛው ነው’ አለችኝ። ‘ታናሽ እህቴ አጸደ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደዚያው አማን ልትሄድ ነው። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለችኝ። የእኔ ወረቀት ተበጣጥሶ አልቋል፤ ጋዜጣው ከእርስዎ ጋ ካለ ለእሷ ይስጡልኝ። እሷ የምትሄደው እሱን ይዛ ነው።’

ጋዜጣው አለኝ። ሁሉንም እትም አስጠርዤ አስቀምጫለሁ። ግን አማንን ያላየ ሰው ስለ አማን የሰጠውን መልስ፣ ይህን ካወቅሁ በኋላ፣ አንዲት ልጅ ሕይወቷን አስይዛበት እንድትሄድ ልስጣት? ልከልክላትስ፣ እህቷን ያተረፈውን? ‘እፈልገዋለሁ’ ብያት ተለያየን።

በዚያ ሳምንት ያደረግሁትን ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ጥራዙን ይዤ የአንተን መንገድ ዞርኩ። መጀመሪያ የገዛ ሰፈሬ ቡራዩ። በ1997 ስለ ኔፕልስ እንዲህ ብለን ነበር፦ ‘አዲስ ተከራይ ሲገባ ጎረቤት መጀመሪያ የሚነግረው ውሃ የሚመጣበትን ቀን ነው፤ ሳይነግርህ የቀረ ጎረቤት ቢኖር ከእሱ ተጠንቀቅ።’ ‘ኔፕልስ ውሃ በፈረቃ ነው እንዴ?’ ስልህ ‘በጋ በጋ’ አልከኝ፤ ጻፍኩት። ቡራዩ ቤት ሠርቼ የገባሁ ዕለት ጎረቤቴ ገና ስሜን ሳይጠይቀኝ የነገረኝ የውሃውን ቀን ነበር። በገዛ በሬ ላይ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼው፣ ከጣሊያን ሲመጣ አላወቅሁትም።

ቀጥሎ ሱሉልታ። ቡሳን በሚባለው የሩቅ ምሥራቅ ወደብ ውስጥ ጭጋግ ሲወርድ ሰው እንዳይጋጭ እየሳለ ይሄዳል ብለን ነበር። ማለዳ ደረስኩ። ከፊቴ ሦስት እርምጃ አይታየኝም። አንድ ሳል ሰማሁ፤ ወተት በጄሪካን የጫነ አህያና ባለቤቱ ከጭጋጉ ወጡ። ከኋላቸው ሌላ ሳል። እኔም ሳልኩ። ሰውየው ‘አካም ቡልቴ’ ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቆኝ አለፈ።

በመጨረሻ ሰበታ። በሮተርዳም መንገድ የጠፋበት ሰው የቆመ ሰው እንዳይጠይቅ መክረን ነበር፤ የቆመው ራሱ መኪና እየጠበቀ ነውና፣ የተቀመጠውን ይጠይቅ ብለን። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ሰው መንገድ ጠየቀኝ። ሁለቱን በተሳሳተ አቅጣጫ ላክኋቸው መሰለኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተምታታብኝ። ስለ ሮተርዳም የጻፍነው ውሸት ነው። ስለ ሰበታ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። ሮተርዳም የሄደ አንባቢ ደግሞ የተቀመጠ ሰው ጠይቆ ቤቱን አግኝቶ ይሆናል። ዓምዱ በቆየበት ዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ‘የጻፋችሁት ስህተት ነው’ ብሎ አልጻፈልንም። እኔ የማውቀው ሙያ ለዚህ የሚሆን ደንብ የለውም።

ለጣቢታ እውነቱን ልነግራት ወሰንኩ። ስፌት ቤቷ ሄጄ፣ መርከበኛው መርከበኛ እንዳልነበረ፣ አማንንም እንዳላየ ነገርኳት። የመኪናውን ፔዳል መምታት አላቋረጠችም። ጠርዙን ሰፍታ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ከበጠሰች በኋላ፣ ‘ታዲያ ማነው የጻፈው?’ አለች።

‘እሱ ነው የነገረኝ።’

‘አይደለም። ጋሼ፣ የወጥ ቤት መስኮት ወንድ አያውቅም። ይሄን ያለችው የሰው ቤት የሠራች ሴት ናት።’

ሠላሳ አንድ ዓመት ምንጭ ሳጣራ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ያጣራችው ግን እሷ ናት። በማግስቱ እሷና አጸደን ይዤ ወደ ቤትህ ሄድኩ። አዴ ጠጅቱ ደጅ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ‘አካም፣ ናጋዳ?’ ብለው ሰላምታ ሰጥተው አስቀመጡን። ስለ ወረቀቱ ስጠይቃቸው ከሰፌዱ ቀና አላሉም።

‘የዚያችን ልጅ ጥያቄ መናኸሪያ ተቀምጦ የሚመልሰው አልሆነለትም’ አሉ። ‘ሦስት ሳምንት ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ መጥቶ አነበበልኝ። እኔ ነኝ የነገርኩት።’

በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ከተፍኪ ሱሉልታ አንድ ነጋዴ ቤት ለሥራ መሰጠታቸውን አንተ ታውቅ ነበር። እኔ በሃያ ዓመት ወዳጅነትና እንጀራ አልሰማሁም፤ ጠይቄም አላውቅ። ዓመት ሙሉ ‘አንቺ ልጅ’ እየተባሉ ኖሩ። ሲታመሙ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን የወጥ ቤቱን የእንጨት መስኮት ሲከፍቱ ያዩዋት የጎረቤት ወተት ሻጭ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ለአባታቸው መልእክት የደረሰው በእሷ በኩል ነው።

ከዚያ እጃቸውን ከምስሩ አንሥተው ጣቢታን አዩዋት። ‘ቁልፉንስ አገኘሽው?’

‘የምን ቁልፍ?’

‘የበሩን ነዋ። በመጨረሻ የበሩ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል እዪ፣ ለመሄድ አይደለም፣ ለማወቅ ነው ብዬ ነበር እኮ። ዋናው እሱ ነው።’

ጣቢታ ወደ እኔ ዞረች። ‘ወረቀቱ ላይ ቁልፍ የሚል የለም።’ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ‘ከሐኪም ቤት ተመልሼ ልብሴን ስይዝ ነው ያየሁት’ አለች። ‘በሩ አጠገብ ባዶ የአበባ ማስቀመጫ ነበር። መለዋወጫው ቁልፍ እሱ ውስጥ ነበር። ዐሥራ አራት ወር በየቀኑ አቧራውን ጠርጌዋለሁ።’

አዴ ጠጅቱ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት።

ደቻሳ፣ ልጠይቅህ የጀመርኩት ይህን ነው። ያንን መስመር አንተ ረስተህ ነው ወይስ እኔ ቆርጬው? የምትነግረኝን በማስታወሻ እጽፍ ነበር፤ ማስታወሻውን በየወሩ መጨረሻ እጥለዋለሁ። ዓምዱ ቦታው ጠባብ ነው፤ ጽሑፍ ሲተርፍ የምቆርጠው ከመጨረሻ ነው። ሁልጊዜ ከመጨረሻ። ያንን ሐሙስ ለማስታወስ ያልሞከርኩበት ቀን የለም። ሻይ ቤቱን አስታውሳለሁ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጃንጥላህን ስትፈልግ አስታውሳለሁ። ‘ለመሄድ አይደለም፣ ለማወቅ’ የሚል ድምፅ አንዳንዴ ባንተ አንደበት የሰማሁት ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ ከአዴ ጠጅቱ ከሰማሁ በኋላ የፈጠርኩት ይመስለኛል። አንተም የምትረሳ ሰው ነበርክ፤ ጃንጥላ ስንት ጊዜ ጠፋህ። እኔም የምቆርጥ ሰው ነበርኩ።

አጸደ ደጁ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እግሯን አጣምራ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ የእህቷን ፊት ስታይ ቆየች። አዴ ጠጅቱ ጠሯት።

‘ኢንታላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ አጠገቤ። ስምሽ ማነው?’

‘አጸደ።’

‘የአባትሽስ?’

ነገረቻቸው። አዴ ጠጅቱ የአባቷን ስም እስኪይዙት ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጪ አሏት፤ እዚያ ሊወስዱብሽ ይችላሉ፣ በቃልሽ ያዢ ብለው የእሳቸውን፣ የእኔንና የጣቢታን ቁጥር አስጠኗት። ልጅቷ አንድ ቁጥር በተሳሳተች ቁጥር ጣቢታ ‘እንደገና’ ትላለች። ምስሩ ሳይለቀም መሸ።

አጸደ ጥቅምት 27 ጋዜጣውን ይዛ ሄደች። ሄደች ብዬ በቀላሉ ጻፍኩት እንጂ፣ እህቷ በመጨረሻው ቀን እንኳን ልታስቀራት ሞክራ ነበር።

ጋዜጣው ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እርማት የማወጣበት ቦታ የለኝም። ቢሆንም ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ ‘በመጋቢት 2003 እትማችን “መርከበኛው” በሚል የቀረበው መልስ የወይዘሮ ጠጅቱ መሆኑ ይታወቅ። ወይዘሮ ጠጅቱ ያወቁት በሱሉልታ ነው እንጂ በአማን አይደለም። አማን ወደብ የላትም። ከመልሱ መጨረሻ የሚከተለው መስመር ተዘሏል፦ የበሩ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል እዪ፤ ለመሄድ አይደለም፣ ለማወቅ ነው።’

ከዚያ በታች ‘መስመሩን የዘለለው ማን እንደሆነ አልታወቀም’ ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለት ቀን ሳየው ሰነበትኩና ሰረዝኩት። ለጀማሪ ጋዜጠኞች ሳስተምር የኖርኩት፣ ስህተቱ የማን እንደሆነ ካልታወቀ የጋዜጣው ነው ብዬ ነው። ጋዜጣው የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። በቦታው ‘ለስህተቱ ኃላፊው ሕዝቅያስ ነው’ ብዬ ፈረምኩበት። ጣቢታ ወስዳ ስፌት ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። በእኔ ላይ ምን እንደምታስብ አልነገረችኝም። ሱሪዬን ግን ያለ ቀጠሮ ታሳጥርልኛለች።

ባለፈው እሑድ ጣቢታ በስልኳ በኢሞ የመጣ የአጸደን ድምፅ አሰማችን። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። መስኮቱ የሚያሳየው ግድግዳ ብቻ ነው አለች። ቆሻሻ ስታወጣ ያገኘቻት አንዲት የፊሊፒንስ ሴት ግን ስሟን ይዛላታለች፤ ‘አዛዳ’ ነው የምትላት። የበር ጠባቂውም ያውቃታል። ሦስተኛ ሰው ገና አላገኘችም። ከዚያም፣ ‘ቁልፉ ከማቀዝቀዣው ጎን ሚስማር ላይ ነው’ አለች። አዴ ጠጅቱ መልሼ እንዳሰማቸው ለመኑኝ። ሁለቴ አሰማኋቸው።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ደጃችሁ ላይ እንቀመጣለን። የፋብሪካ ልጆች ከጣቢታ ግድግዳ አንብበው ይመጣሉ፤ ስለ ኩዌት፣ ስለ ቤይሩት፣ ስለማናውቀው አገር ይጠይቃሉ። አዴ ጠጅቱ ‘እኔ ሱሉልታን ነው የማውቀው’ ብለው ይጀምራሉ። እኔ እጽፋለሁ፤ ጽፌ ስጨርስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ፣ የጎደለ ካለ እንዲያርሙኝ። እስካሁን አንድም መስመር አልቆረጥኩም።

ኮፍያህ ቤትህ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ማን እንደሚያደርገው አልተወሰነም።

ሐሙስ የማይቀረው፣
ሕዝቅያስ